ደንብና ጠባቂው፦ ከእንጦጦ ማርያም እስከ አሜሪካ ኮሌጆች



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የስፖርት ደንብ ታሪክ ነው። ስፖርት ሲነሣ ብዙ ሰው ስለ አሸናፊውና ስለ ተሸናፊው ያወራል እንጂ ስለ ደንቡ አያወራም። ይሁን እንጂ ሩጫን ሩጫ፣ ኳስንም ኳስ የሚያሰኘው ደንቡ ነው። ደንብ ደግሞ በወረቀት መጻፉ ብቻ አይበቃውም፤ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ጠባቂው ከደከመ፣ ወይም ከሚጠብቀው ሰው ጋራ በጥቅም ከተሳሰረ፣ ደንቡ ማንም ሳይሽረው እንደ ተሻረ ይቆጠራል። ይህንንም አጉልቶ የሚያሳየን ከመቶ ዓመት በላይ በአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ላይ ሲደርስ የቆየው ነገር ነው። ጉዳዩ ግን የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም፤ ከእኛው ከእንጦጦ ማርያም መንገድ ጋራ የሚገናኝበት ስላለው ከዚያው እንጀምራለን። ዓ.ም. ብለን የምንጠቅሰው ዘመን የእኛ አቆጣጠር ሲሆን፣ የቀረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እንገልጻለን።

እንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ከተማው ወደ ፍል ውሃ ከወረደ በኋላ ተራራው ለተሳላሚውና ለጸሎተኛው፣ ባሕር ዛፉም ከበቀለ ወዲህ እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ ለሚወርዱት ሴቶች ቀርቶ ነበር። በኋላ ዘመን ደግሞ ሌላ እንግዳ መጣለት፤ ይኸውም ሯጩ ነው። ስፍራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በዚያ አየር የሠለጠነ ሳንባና ደም ወደ ቆላ ሲወርድ ጉልበት ይተርፈዋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የመሰሉት ታላላቅ ሯጮቻችን የሠለጠኑበት፣ ስማቸው ገና ያልታወቀ ወጣቶችም ጎሕ ሳይቀድ የሚወጡት ስለዚህ ነው። ሽቅብ የሚሮጠው ወጣትና ቁልቁል እንጨት የተሸከመችው ሴት በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። ሁለቱም የሚደክሙት ለእንጀራ ነው።

ለእንጀራ መሮጥ ግን በዓለም የስፖርት ሸንጎ ዘንድ እንደ ነውር፣ ከዚያም አልፎ እንደ ጥፋት የተቆጠረበት ረጅም ዘመን ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ መኳንንት ልጆች ስፖርትን በደንብ ሲያደራጁ፣ እውነተኛ ስፖርተኛ የሚባለው ለክብርና ለደስታ ብቻ የሚጫወት አማተር ነው ብለው ወሰኑ። ሐሳቡ ሲሰሙት ያማረ ነው። ነገር ግን በ1879 የወጣው የሄንሊ የጀልባ ቀዘፋ ደንብ፣ በእጁ ሥራ ደመወዝ የሚያገኝ አናጢ፣ አንጥረኛ ወይም የቀን ሠራተኛ አማተር ሊባል አይችልም ይል ነበር። ሰውየው በመቅዘፍ አንዲት ሣንቲም ባያገኝም እንኳ ሠራተኛ መሆኑ ብቻ ያስወጣው ነበር። እንግዲህ ደንቡ ከልደቱ ጀምሮ ገንዘብን ከስፖርት ከማራቁ ይልቅ ድኻን ከጨዋታ ለማራቅ ይቀናው ነበር ብንል አናጋንንም።

ይህ ደንብ በማን ላይ እንደ ጸና ለማወቅ የጂም ቶርፕን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ጂም ቶርፕ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወገን የሆነ፣ በፔንስልቫንያ በሚገኘው በካርላይል ትምህርት ቤት የተማረ ወጣት ነበር። በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በአምስቱና በዐሥሩ ውድድሮች ድምር፣ ማለት በፔንታትሎንና በዴካትሎን፣ ሁለት የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ። በጥር ወር 1913 አንድ ጋዜጣ ይህ ሰው በ1909ና በ1910 ክረምት በሰሜን ካሮላይና በአነስተኛ ደመወዝ ቤዝቦል ተጫውቷል ብሎ ጻፈ። እውነት ነበር። በዚያን ጊዜ በክረምት ዕረፍት ለገንዘብ የሚጫወቱ የኮሌጅ ተማሪዎች ብዙዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ብልኆቹ በሐሰት ስም ይጫወቱ ነበር። ቶርፕ የተጫወተው በእውነተኛ ስሙ ነው። የትምህርት ቤቱ አለቆች አላወቅንም ብለው እጃቸውን ታጠቡ፤ ሜዳልያዎቹም ተወሰዱበት። ከሁሉ የሚያስገርመው የጨዋታው ደንብ ራሱ ክስ በ30 ቀን ውስጥ ካልቀረበ አይሰማም ይል የነበረ መሆኑ ነው፤ ክሱ የመጣው ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነበር። ደንብን አስከበርን የሚሉት ሰዎች ደንብ አፍርሰው ፈረዱ። ቶርፕ በ1953 ሞተ። ሜዳልያው ለልጆቹ የተመለሰው በ1983 ሲሆን፣ ብቻውን አሸናፊ ተብሎ በመዝገብ የሰፈረው ደግሞ በ2022 ነው።

ያ ዘመን የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርታቸውን በአንድ ማኅበር ሥር ማደራጀት የጀመሩበት ነበር። ምክንያቱም ገንዘብ አልነበረም፤ ሞት ነበር። ራግቢን የሚመስለው የአሜሪካ እግር ኳስ በ1905 ብቻ 18 ያህል ወጣቶችን ስለ ገደለ፣ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ወደ ቤተ መንግሥታቸው ጠርተው ጨዋታውን አስተካክሉ አሏቸው። በሚቀጥለው ዓመት በ1906 የኮሌጆቹ ማኅበር ተቋቋመ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ማኅበሩ ግን የሚጠብቃቸው ኮሌጆች ራሳቸው ያቆሙት፣ ራሳቸው የሚከፍሉለት፣ ራሳቸውም ድምፅ የሚሰጡበት ነበር። ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ይሏል ይህ ነው። በ1929 የካርኔጊ ድርጅት ከመቶ የሚበልጡ ኮሌጆችን አስመርምሮ ባወጣው ትልቅ ሪፖርት፣ በአብዛኞቹ ዘንድ ተጫዋቾች በልዩ ልዩ መንገድ ገንዘብ ይሰጣቸው እንደ ነበር ገለጸ። ጋዜጦች ጉድ አሉ፤ ኮሌጆቹም ጥቂት አፍረው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በ1948 ማኅበሩ ቆረጠና ጥብቅ ደንብ አወጣ። ተማሪ በስፖርት ችሎታው ምክንያት ከትምህርት ክፍያ ያለፈ ድጎማ እንዳይሰጠው፣ ለቀለብና ለመኖሪያው እንዲሠራ፣ ደንቡን ያፈረሰ ኮሌጅም ከማኅበር እንዲባረር ተወሰነ። ሁለት ዓመት እንዳለፈ ሰባት ኮሌጆች ተከሰሱ። እነዚህ ሰባቱ ከሌሎች የባሱ አልነበሩም፤ ያደረጉትን አልካዱም ማለት ይቀላል። በጥር ወር 1950 በጉባኤው ላይ ድምፅ ሲሰጥ 111 ይባረሩ፣ 93 አይባረሩ አሉ። ለማባረር ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ፣ ማለት 136 ድምፅ ያስፈልግ ስለ ነበር ሳይባረሩ ቀሩ። በ1951 ደንቡ ራሱ ተሻረ። እጅ ያወጡት ሰዎች ነገ በእነርሱ ላይ እጅ እንደሚወጣባቸው ስለሚያውቁ፣ ከዚህ የተለየ ውጤት መጠበቅ የዋህነት ነበር።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩን ከ1951 እስከ 1988 የመራው ዋልተር ባየርስ የተባለ ብርቱ ሰው ነው። በእርሱ ዘመን መርማሪዎች ተቀጠሩ፤ የኬንታኪን ዩኒቨርሲቲ የመሰለ ኃያል የቅርጫት ኳስ ቡድንም ለአንድ ሙሉ ወራት፣ ማለት ከ1952 እስከ 1953 ድረስ፣ ከውድድር ተከለከለ። ስለዚህ ጠባቂው ነቅቷል ተባለ። ግን ንቃቱ ሁለት ፊት ነበረው። በ1955 ሬይ ዴኒሰን የሚባል የኮሎራዶ ኮሌጅ ተጫዋች በኳስ ሜዳ ተጎድቶ ሞተ። ሚስቱ እንደ ሠራተኛ ባልቴት ካሣ ይሰጠኝ ብላ ብትከስም በ1957 የኮሎራዶ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አይገባሽም አላት። እንዲህ ያለው ክስ እንዳይበዛ ማኅበሩ ያመጣው መድኃኒት አንድ ቃል ነበር፦ ተጫዋቹ ሠራተኛ ሳይሆን «ተማሪ ስፖርተኛ» ይባል። ባየርስ ራሱ ከጡረታ በኋላ በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥርዓት አጥብቆ ነቅፎታል። ነቀፌታው ከሹመቱ በፊት ቢመጣ ኖሮ ምንኛ በጠቀመ!

የመጨረሻው ታላቅ ቅጣት በ1987 በቴክሳስ፣ በዳላስ ከተማ በሚገኘው በደቡባዊ ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ላይ ወረደ። ከስውር ሣጥን ለ13 ተጫዋቾች 61 ሺህ ዶላር ያህል ተከፍሎ ተገኘ። የባሰው ደግሞ ክፍያው እንዲቀጥል የዩኒቨርሲቲው ቦርድ አለቆች ያውቁና ይፈቅዱ ነበር፤ ከእነዚሁ አንዱ ቢል ክሌመንትስ የቴክሳስ አገረ ገዥ ነበሩ። ማኅበሩ የዓመቱን ጨዋታ ሙሉ በሙሉ ሰረዘ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ቡድኑ ሳይጫወት ቀረ። ሕዝቡ ይህን የሞት ፍርድ ብሎ ሰየመው። ቡድኑ ከዚያ ውድቀት እንደ ቀድሞው ለመነሣት ዐሥርተ ዓመታት ፈጀበት። እንግዲህ ቅጣቱ የሚያስፈራቸው ጥፋተኞቹን መስሎን ነበር፤ ይበልጥ የፈሩት ግን ቀጪዎቹ ሆኑ። ከዚያ በኋላ በላይኛው ክፍል የሚጫወት የእግር ኳስ ቡድን በዚህ ፍርድ አልተቀጣም። በቴሌቪዥን የሚገባው ገንዘብ በብዙ ሚሊዮን ሲቆጠር፣ አንድን ታላቅ ቡድን ከሜዳ ማስወጣት የሁሉንም ገበታ መገልበጥ ሆነ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ፣ የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። በዚያን ጊዜ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ሊቀ መንበር አሜሪካዊው አቬሪ ብረንዴጅ ነበሩ። እኒህ ሰው በ1912 ከጂም ቶርፕ ጋራ በአንድ ውድድር ተሰልፈው የተሸነፉ፣ በአማተር ደንብም ከማንም የበለጠ ጥብቅ የነበሩ ናቸው። አበበ ግን እንደ ብዙዎቹ የዓለም ወታደር ስፖርተኞች ደመወዙን የሚያገኘው ከጦር ክፍሉ ነበር፤ አሠልጣኙም ለኢትዮጵያ መንግሥት ያገለግሉ የነበሩት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ዳግመኛ ሲያሸንፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ማዕርግ ጨመሩለት፤ ቮልስዋገን መኪናም ሸለሙት። ለሽልማት መኪና መቀበል በአማተር ደንብ የተፈቀደ አልነበረም። የጠየቀ ግን የለም።

ይህን ስንል ሻምበል አበበን ለመንቀፍ አይደለም፤ አገሩን ያኮራ ወታደር ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ስጦታ ነው፤ በዚያችው መኪና በመጋቢት 1961 ዓ.ም. አደጋ ደርሶበት እግሩ ሽባ ሆኖ መቅረቱም ለሁላችን ኀዘን ነው። የምንለው ስለ ደንቡ ነው። ዘጠኝ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ፊንላንዳዊው ፓቮ ኑርሚ ለጉዞ ወጪ ከሚገባው በላይ ተቀብሏል ተብሎ በ1932 ከሎስ አንጀለስ ጨዋታ ታግዷል። በምሥራቁም በምዕራቡም ዓለም ግን በስም ወታደር፣ በግብር ሯጭ የሆኑ ብዙ ሰዎች ሳይነኩ ይወዳደሩ ነበር። ከሜክሲኮው የ1968 ጨዋታ በፊት ኮሚቴው በከፍታ ስፍራ የሚደረገውን ልምምድ በሳምንት ቆጥሮ ለመገደብ ሞክሮ ነበር። ይህ ደንብ በእንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው ምን ትርጉም ነበረው? ከቤቱ ይሰደድ? ማሞ ወልዴም ሜክሲኮ ላይ ማራቶኑን አሸንፎ ለኢትዮጵያ ሦስተኛውን ተከታታይ ድል አስገኘ።

ደንቡ እንዲህ ሆኖ ቆየና በጸጥታ አለፈ። ብረንዴጅ በ1972 ከሥልጣን ወረዱ፤ በ1982 የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን የሯጩ ገንዘብ በአደራ ሒሳብ እንዲቀመጥ ፈቀደ። በ1993 ሽቱትጋርት ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትር አሸናፊ የነበረው ወጣቱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአደባባይ መርሰዲስ መኪና ተሸለመ። ከአበበ ቮልስዋገን እስከ ኃይሌ መርሰዲስ 29 ዓመት ነው። በእነዚህ ዓመታት ዓለም በሙሉ ሲለወጥ በአሮጌው ደንብ ላይ የቆዩት የአሜሪካ ኮሌጆች ነበሩ፤ አሠልጣኙ በሚሊዮን ሲከፈለው፣ ተጫዋቹ ከትምህርት ድጎማ በላይ ከተቀበለ ወንጀለኛ ይባል ነበር።

የእነርሱም ቤት በሰኔ 2021 ፈረሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ ማኅበሩ ከትምህርት ጋራ የተያያዘ ጥቅምን መገደቡ የንግድ ውድድርን ሕግ ይጥሳል ብለው ፈረዱ። በማግስቱ ወር ተማሪዎች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ወዲያው የየኮሌጁ ባለጸጋ ደጋፊዎች ማኅበር እያቆሙ፣ በማስታወቂያ ስም ተጫዋች መግዛት ጀመሩ። ማኅበሩ ይህን ሊመረምር ሲነሣ የቴነሲና የቨርጂንያ ግዛቶች ከሰሱት፤ በየካቲት 2024 አንድ ዳኛ አገደው፤ እርሱም ምርመራውን አቆመ። የገዛ አገሩ ግዛት ጠባቂውን በፍርድ ቤት ሲያስር አዲስ ነገር ነው። በሰኔ 2025 በጸደቀው ስምምነት ለቀድሞ ተጫዋቾች 2.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፈል፣ እያንዳንዱ ኮሌጅም በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾቹ እንዲያካፍል ተፈቀደ። ከ600 ዶላር በላይ የሆነ የውጭ ውል የሚመረምር አዲስ ኮሚሽንም ተቋቋመ። ይህም ኮሚሽን በታላላቆቹ የኮሌጅ ማኅበራት የቆመ ነው። የ1950ን ድምፅ ለሚያስታውስ ሰው ስጋቱ ግልጽ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ታሪክ ተነሥተው፣ እንግዲህ ደንብ ሁሉ የኃያላን መሣሪያ ነውና ቢላላ ምን ይጎዳል ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። የአማተር ደንብ መሞቱ ለእንጦጦው ወጣት በረከት ሆነለት፤ እግሩ ቤት ሠራለት፣ ወላጆቹን ጦረለት። ገንዘቡ ግን ሌላ ፈተና ይዞ መጣ፤ እርሱም አበረታች ቅመም ነው። ከነዚህ ዋነኛው በምኅጻር ኢፒኦ የሚባለው፣ የኩላሊት በሽተኞች ደማቸው ሲያንስ የሚታዘዝላቸው መድኃኒት ነው። ቀይ የደም ሕዋስን ያበዛል። የእንጦጦ አየርም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ በከፍታ ስፍራ ሰውነት ራሱ ይህንኑ ቅመም እያመነጨ ቀይ ደሙን ያበዛል። ልዩነቱ አንዱ በዓመታት ላብና በንጋት ብርድ የሚገኝ፣ ሌላው በመርፌ የሚገባ መሆኑ ነው። በመርፌ የገባው ከልክ ሲያልፍ ደምን ያወፍርና ልብን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ይህን የሚከለክለው ደንብ እንደ አማተር ደንብ ድኻውን የሚያርቅ አይደለም፤ ከድኻው ልጅ እጅ ያለውን አንድ ሀብት፣ ማለት ተራራውንና ጽናቱን፣ በሐሰተኛ ገንዘብ እንዳይለወጥበት የሚጠብቅ ነው።

ይህ ደንብ በአገራችን ለረጅም ጊዜ በቂ ጠባቂ አልነበረውም። በመጋቢት 2016 የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ሞሮኮን፣ ዩክሬንንና ቤላሩስን በምርመራ ድካም ምክንያት ብርቱ ክትትል ከሚያስፈልጋቸው አገሮች መካከል ቆጠራቸው። ስድብ መስሎ የታያቸው ሰዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ የራሱን ሯጭ ድል የሚናፍቅ ፌዴሬሽን የዚያኑ ሯጭ ደም መርማሪ ቢሆን፣ ሁኔታው ከኮሌጆቹ ማኅበር በምን ይለያል? ከዚያ ወዲህ ከፌዴሬሽኑ የተለየ ብሔራዊ መሥሪያ ቤት ቆመ፤ በኋላም የፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን ተባለ። በ2017 ደግሞ በሞናኮ ከዓለም ፌዴሬሽን የተለየ መርማሪ ክፍል ተቋቁሞ ከፍተኛ ሯጮችን ይከታተል ጀመር። በዚህ መዝገብ የገባ ሯጭ በየቀኑ የሚገኝበትን ስፍራና አንድ የተወሰነ ሰዓት አስቀድሞ ያስታውቃል፤ መርማሪው ሳይነግር ይመጣል፤ በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ጥፋት ከተመዘገበበት እንደ ወንጀለኛ ይቀጣል። ከባድ ነው። አንዳንድ ሯጮቻችንም በዚሁ ምርመራ ተገኝተው ተቀጥተዋል፤ ይህ ለአገር ውርደት ነው የሚሉ ሰዎች ቢኖሩም፣ እኛ የጠባቂውን መንቃት ከውርደት አንቆጥረውም።

የጠባቂው መዘግየት ማንን እንደሚጎዳ በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ ታይቷል። በሴቶች የ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ሩጫ ሶፊያ አሰፋ ሦስተኛ ወጥታ የነሐስ ሜዳልያ አጠለቀች። አንደኛ የወጣችው ሩሲያዊት በአበረታች ቅመም መበርታቷ በደሟ መዝገብ ታወቀና፣ በመጋቢት 2016 ድሏ ተሰረዘ። የሶፊያም ነሐስ ወደ ብር ተለወጠ፤ ሰማንያ ሺህ ሕዝብ በተሰበሰበበት ስታዲየም የቆመችበት ደረጃ ግን ሦስተኛው ነበር።